ወንድሜ ፕሮቤሽን ጥሰሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ተጠራ፤ ምን ይጠብቀዋል?

ታላቅ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ የፍርድ ቤት ነገር የምታውቁ እስቲ እርዱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ቤት ከሚጋራው ልጅ ጋር ተደባድቦ ተከሰሰ። ጥፋተኛ ነኝ አለ። 6 ወር ተፈረደበት፤ እስሩ ግን ተገድቦለት በ18 ወር ፕሮቤሽን፣ ማለትም ከእስር ውጭ ሆኖ በኦፊሰር ክትትል እንዲቆይ፣ ወጣ። በየወሩ ኦፊሰሯ ጋ መቅረብ፣ የንዴት መቆጣጠሪያ ክላስ መጨረስ፣ ክፍያ መክፈል አለበት። መጀመሪያ ላይ አንድም አላጎደለም። ከዚያ የሚሠራበት መጋዘን ወደ ሌሊት ሺፍት አዞረው፣ ሰዓትም ቀነሰበት። ሁለት ቀጠሮ አለፈው። ክላሱን አቋረጠ። ያልከፈለው 340 ዶላር ደረሰ።

አሁን መጥሪያ መጣለት። ኦፊሰሯም ደውላ «ከችሎቱ በፊት ናና አንድ ወረቀት ፈርም፣ ነገሩ ይቀልልሃል» አለችው። እሱ ነገውኑ ሊሄድ ነው። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ያለው ግሪን ካርድ ነው። ይታሰራል? ከአገር ይባረራል? ለዚህስ ጠበቃ ያስፈልጋል?

ዝም በል፦

ሌላ ስቴት ዘመድ ካላችሁ ለጊዜው ወደዚያ ይሂድ። 18 ወሩ ሲያልቅ ፋይሉ ይዘጋል። አንዱ ስቴት የሌላውን አያውቅም። አንድ የማውቀው ልጅ እንደዚያ አድርጎ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም።

የፋይል እናት፦

እህቴ፣ ከላይ ያለውን ምክር እንዳልሰማሽ ሁኚ። «እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም» ማለት ገና አልተያዘም ማለት ነው። ወንድምሽ ችሎቱን ከቀረ ዳኛው ዋራንት (የመያዣ ትእዛዝ) ያወጣበታል። ዋራንት በራሱ ጊዜ አይጠፋም። በብዙ ስቴቶች ደግሞ ዋራንት ሲወጣ የፕሮቤሽኑ ሰዓት ይቆማል፤ ስለዚህ ተደብቆ 18 ወር መጨረስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ወይም ከውጭ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ብቅ ይላል። ስቴቶቹም ይነጋገራሉ። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው እንዴት ስቴት እንደሚቀይር የተስማሙበት ውል አላቸው፣ እሱም በፈቃድ ነው። ሁለት ቀጠሮ መቅረት ቀላል ጥሰት ነው። መጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች ጠበቃ የሚያቆም ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ነበርኩ። ፋይል የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማወራው ፋይል ውስጥ ስላየሁት ነው።

መጀመሪያ ያ ወረቀት። ባላየውም ምን ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፦ «ጥሻለሁ፣ ችሎት አልፈልግም» የሚል ነው። አንዳንዴ መፈረሙ በእርግጥ ይጠቅማል፣ ጠበቃ ተደራድሮበት ከሆነ። ጠበቃ ሳያየው ግን አይፈርም። ለኦፊሰር የተናገሩት ነገር ለጠበቃ እንደነገሩት ምስጢር አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በመርፊ ጉዳይ ላይ ይህን ወስኗል፤ ፕሮቤሽን ላይ ያለው ሰው «መልስ አልሰጥም» ካላለ በቀር ለኦፊሰሩ የተናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ኦፊሰሯ ክፉ ናት ማለቴ አይደለም። ሥራዋ ለዳኛው ሪፖርት መጻፍ ነው፣ እሱንም ትጽፋለች።

ይህ ማለት ግን ይደበቃት ማለት አይደለም! መደበኛ ቀጠሮውን አሁንም አይቅር። በሰዓቱ ይድረስ፣ በትሕትና ይናገር። የጥሰቱ ነገር ሲነሳ «በዚህ ላይ ከጠበቃዬ ጋር ልነጋገር» ይበል፣ አለቀ።

ችሎቱ እንደ መጀመሪያው ክስ አይደለም። ጁሪ (ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች) የለም፣ ዳኛው ብቻ ነው የሚወስነው። «ከጥርጣሬ በላይ» የሚባለው መለኪያም እዚህ የለም። ጥሷል የሚለው አልጣሰም ከሚለው ትንሽ ካመዘነ ይበቃል። የሰሚ ሰሚ ወሬ እንኳ አንዳንዴ ይገባል። ቢሆንም መብት የለውም ማለት አይደለም። ጋኞን በሚባለው የ1973 ውሳኔ መሠረት ምን ጣስክ እንደተባለ በጽሑፍ ሊነገረው፣ ማስረጃውን ሊያይ፣ ምስክር ሊያቀርብ ይችላል። ያ ውሳኔ ጠበቃን ለሁሉም አላረጋገጠም፤ የብዙ ስቴቶች የራሳቸው ሕግ ግን ይሰጣል። ስለዚህ ያኔ የቆመለት ፐብሊክ ዲፌንደር (መንግሥት የሚያቆመው ጠበቃ) ቢሮ ዛሬ ይደውል። የችሎቱ ዕለት ጠዋት ኮሪደር ላይ ከጠበቃ ጋር የሚተዋወቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ። በአምስት ደቂቃ ምን ዓይነት መከላከያ ይሠራል?

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅምና ትንሽ ላስረዳ። ቤርደን የሚባል ሰው ጆርጂያ ውስጥ 500 ዶላር ቅጣትና 250 ዶላር ካሳ ተጣለበት። 200 ዶላሩን ከወላጆቹ ተበድሮ ከፈለ። ከዚያ ከሥራ ተቀነሰ። ማንበብ አይችልም ነበር፣ ሌላ ሥራ ፈልጎ አጣ። ፕሮቤሽኑን ሰርዘው አሰሩት። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ። ዳኛው መጀመሪያ ለምን እንዳልከፈለ መጠየቅ አለበት። እያለው እምቢ ብሎ ነው ወይስ አጥቶ? ልቡ እያወቀ ካልከፈለ ሊታሰር ይችላል። ሞክሮ አቅም ካጣ ግን ዳኛው በቅድሚያ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት፤ ጊዜ መስጠት፣ መቀነስ፣ በማኅበረሰብ አገልግሎት መተካት።

ነገር ግን ድሃ ነኝ ማለት ብቻውን አይሠራም። ወረቀት ያስፈልጋል። ሺፍቱ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን የደመወዝ ስተብ (የክፍያ ወረቀት) ያውጣ። ከአለቃው ሺፍቱ መቼ እንደተቀየረ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይጠይቅ። ለኦፊሰሯ የላከው ቴክስት ካለ አያጥፋው፣ ስክሪንሾት ያንሳው። ቀጠሮው ባመለጠው ቀን ደውሎ ከነበረ የስልኩ ሪከርድ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ወደ ክላሱ አሁኑኑ ይመለስ። ዳኛ ፊት «እመዘገባለሁ» የሚል በየቀኑ ይቀርባል። የመመዝገቢያ ደረሰኝና የሁለት ሳምንት የመገኘት ፊርማ ይዞ የሚመጣው ጥቂት ነው። ከ340ውም የቻለውን ያህል ከፍሎ ደረሰኙን ይያዝ።

ይታሰራል ወይ ላልሽው፣ እንዲህ ዓይነቱ ጥሰት አዲስ ወንጀል ስለሌለበት ዳኛው ሰፊ ምርጫ አለው። ገሥጾ መመለስ ይችላል፣ ጊዜውን ማራዘም፣ ጥቂት ቀን ማሰር፣ ወይም ጨርሶ መሰረዝ። የፍርዱን ወረቀት አውጥታችሁ እዩት። 6 ወሩ ተፈርዶ የተገደበ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው እሱ ነው። ቅጣቱ ራሱ ሳይወሰን በይደር ተቀምጦ ከሆነ ግን በአንዳንድ ስቴቶች ዳኛው ሕጉ እስከሚፈቅደው ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ሾፌሩ፦

እኔ ጠጥቼ በመንዳት ፕሮቤሽን ላይ ሳለሁ ተጠርቼ ነበር። ዳኛዋ ፋይሉን ገለጥ አድርጋ «ክላሱን ዛሬ ጀምረሃል?» ብቻ ነው ያለችኝ። ደረሰኙን አሳየሁ። ሁለት ወር ጨምራ ለቀቀችኝ። ከእኔ በፊት የቆመው ምንም አልያዘም ነበር፣ ከዚያው በካቴና ወጣ።

ታላቅ እህት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የፋይል እናት። ነገ አይሄድም፣ ቢሮውም ደውለናል። ሁለት ነገር ልጨምር። የግሪን ካርዱ ነገርስ? ዘንድሮ ዜግነት ሊያመለክት ነበር። ደግሞ እንግሊዝኛው ደከም ያለ ስለሆነ እኔ ገብቼ ላስተርጉምለት?

የፋይል እናት፦

ቀጠሮ መቅረት ብቻውን አያስባርርም። የሚያሰጋው ከዚያ የሚመጣው ነው። ኢሚግሬሽን የተገደበንም እስር እንደ እስር ይቆጥረዋል። የኃይል ወንጀል ሆኖ ቅጣቱ 1 ዓመት ከሞላ ነገሩ በጣም ይከፋል። በጥሰት ምክንያት የሚጨመረው እስር በመጀመሪያው ላይ ተደምሮ ሊቆጠርም ይችላል። የእሱ 6 ወር ነው፣ ዓመት ለመሙላት ገና ይቀረዋል። ግን ጠበቃው ማንኛውንም ስምምነት ከመቀበሉ በፊት ይህን ሒሳብ መሥራት አለበት። ስለዚህ ከጠበቃው ጋር መጀመሪያ ሲያወራ «ዜጋ አይደለሁም» ይበል። ከ2010 የፓዲያ ውሳኔ ወዲህ ተከላካይ ጠበቃ ጥፋተኛ ነኝ ከሚባለው ቃል በፊት ስለ መባረር አደጋ መንገር ግዴታው ነው። ጉዳዩ የቤት ውስጥ ጥቃት ተብሎ ተመዝግቦ፣ የተደባደበውን ልጅ እንዳይቀርብ የጥበቃ ትእዛዝ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ በቴክስት እንኳ አያናግረው። ያን ትእዛዝ መጣስ ለብቻው ማባረሪያ ሊሆን ይችላል።

የዜግነቱን ማመልከቻ ለጊዜው ያቆየው። ፕሮቤሽን ላይ እያለ አይጸድቅለትም። ከአሜሪካም አይውጣ።

ማስተርጎሙን ተይው። እህት ስለሆንሽ ዳኛው ላይቀበልሽ ይችላል፣ አንቺም ደንግጠሽ አንድ ቃል ብትስቺ መዘዝ አለው። ጠበቃው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅለት፣ ሳይዘገይ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ሁልጊዜ በቅርብ አይገኝምና። አንቺ መጥተሽ ከኋላ ተቀመጪ። ዳኛው ቤተሰብ አለ ወይ ብሎ ከጠየቀ ትነሻለሽ።