ግሌዙ ከምስሉ ፀጉር ላይ እየሸሸ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቁመታቸው 15 ሴንቲሜትር የሚሆን የነጭ ሸክላ ምስሎችን ቀለም ቀብቶ ግሌዝ (ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ማድረግ ጀምሬ፣ አንድ ቦታ ላይ አልሄድ ብሎኛል።

ጥሬው ምስል በኮን 04 (ኮን የምድጃ ሙቀት ደረጃ ነው፤ ይህ ወደ 1060 ዲግሪ) ይቃጠላል፤ አቧራው በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል፤ አንደርግሌዝ (ከግሌዙ ሥር የሚቀባ) ቀለም ሦስት እጅ፣ ሲደርቅ ጥርት ያለ ግሌዝ ሁለት እጅ በብሩሽ (ሥሩን ሳይነካ፣ አለዚያ ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል)፣ ከዚያ ኮን 06፣ ወደ 1000 ዲግሪ።

ፊቱና ጀርባው እያብረቀረቀ ይወጣል። ጥቁሩ ፀጉር ላይ ግን ግሌዙ ይሰበሰብና የሳንቲም ያህል ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። የቀሚሱ እጥፋት ውስጥም ተጠራቅሞ ይነጣል፤ የእሱስ ቀላል ነው፣ ወፍሯል፣ ትርፉን በደረቅ ብሩሽ መምጠጥ ይበቃል።

ግራ የገባኝ ፀጉሩ ነው። የጣት ቅባት እንዳይሆን በጓንት ነው የምይዘው። ጥርጣሬዬ ጥቁሩ ቀለም ወፍሮ የሸክላውን ቀዳዳ ስለደፈነው ግሌዙ የሚይዘው አጥቷል የሚል ነው። ታዲያ ቀለሙን ለብቻው አስቀድሜ ላቃጥለው? በስንት ዲግሪ? ወይስ በውሃ አቅጥኜ ሁለት እጅ ብቻ ልቀባ? የተራቆተውንስ ቦታ በድጋሚ ግሌዝ ቀብቼ ባቃጥለው ይይዛል?