ለቪክ-20 የሚሆን የማህደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ማስፋፊያ ቦርድ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲበራ 3583 ባይት ብቻ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የኮሞዶር ቪክ-20 ኮምፒውተር አለኝ። በ62256 የማህደረ ትውስታ ቺፕ 24 ኪሎባይት ለመጨመር የመጀመሪያዬን ቦርድ ኪካድ በተባለው የሰርኪውት መንደፊያ ፕሮግራም እየነደፍኩ ነው፤ ሆኖም ቺፑ 15 የአድራሻ መስመሮች ሲፈልግ የማስፋፊያው ሶኬት ከኤ0 እስከ ኤ13 ድረስ 14 ብቻ ስላሉት፣ ኤ14ን ከየት እንደማመጣው ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ 24 ኪሎባይቱ ብሎክ 1፣ 2 እና 3 የሚባሉ ባለ 8 ኪሎባይት ክፍሎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ በሶኬቱ ላይ የራሱ መምረጫ መስመር አለው፤ ኤ14ን ከብሎክ 1 መምረጫ መስመር ጋር ያገናኙት። መምረጫዎቹ ሲጠሩ ወደ ዜሮ ስለሚወርዱ፣ ኤ14 በብሎክ 1 ዜሮ፣ በብሎክ 2 እና 3 ግን አንድ ይሆናል፤ ሁለቱን ኤ13 ይለያቸዋል። ሦስቱን መምረጫዎች በ74ኤልኤስ11 ባለ ሦስት መግቢያ አንድ (AND) ጌት፣ ማለትም ከመግቢያዎቹ አንዱ ዜሮ ሲሆን ዜሮ በሚሰጥ ቺፕ፣ አሳልፈው ውጤቱን ለቺፑ መምረጫ እግር ይስጡ። በየቺፑ የኃይል እግር አጠገብም 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስቀምጡ።

ሌላ መልስ፦ የሶኬቱ ጥርሶች ርቀት 3.96 ሚሊሜትር ነው። እኔ በ2.54 ነድፌ አምስት ቦርዶች ጥያለሁና፣ ከማዘዝዎ በፊት ንድፉን በልኩ ወረቀት ላይ አትመው ከሶኬቱ ጋር ያስተያዩት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አትሜ ሳየው የእኔም 2.54 ኖሯል!

መልስ፦ እንኳን ቀደም ብለው አዩት። ሁሉም ከሠራ ሲበራ 28159 ባይት ያሳይዎታል።