እናትየው ተሽሏታል፣ ልጁ ግን አሁንም አይጠራትም፤ ምን ይጨመር?

ልጁ 20 ወሩ ነው። እናቱ የድብርት መድኃኒት ከጀመረች 10 ሳምንት ሆኗታል፤ የፒኤችኪው-9 (የድብርትን ክብደት የሚለካ መጠይቅ) ውጤቷ ከ17 ወደ 6 ወርዷል። ልጁ ግን ሲወድቅ አያለቅስም፣ ወደ እሷም አይሄድም፤ ጉልበቱን አየት አድርጎ መኪናውን መግፋቱን ይቀጥላል። (እንዲህ ያለውን ልጅ «ጨዋ» ማለታቸው ያናድዳል፤ ጥሪው መልስ ሲያጣ ስሜቱን መዋጥ ለምዶ እንጂ።) መስማቱ ተፈትሿል፤ የኤም-ቻት (የሕፃናት ኦቲዝም ቅድመ ልየታ መጠይቅ) ውጤቱም ዝቅተኛ ስጋት ነው።

በቀን 10 ደቂቃ ልጁ የሚመራው ጨዋታ ተጀምሯል። እናትየው ግን ጥያቄ ታበዛለች፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለው ፊቱን ያዞራል። ጨዋታቸውን በቪዲዮ ቀርጾ ለማሳየት ታስቧል። የሞከራችሁ፣ መጀመሪያ የምታሳዩት የተግባቡበትን ቅጽበት ብቻ ነው ወይስ የልጁ ምልክት ያመለጣትንም? የጥፋተኝነት ስሜቷ እንዳያገረሽ ያሰጋል።