ወረዳው ይደግፋል ወይስ ሪፖርት ይለቅማል?

የመንዙ መምህር፦
ትናንት "የወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ለት/ቤት አስተዳደር ድጋፍ ይሰጣል ወይ" ተብሎ ለተጠየቀው፣ እኔ አምስት አመት ዳይሬክተር ነበርኩ ባጭሩ አይሰጥም ነው መልሴ። ቼክሊስት ይዘው ይመጣሉ፣ ቢሮ ቁጭ ይሉና እቅድ አለ? አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ? አለ፣ መዝገቡ ላይ አስተያየት ጽፈው ይሄዳሉ በቃ። እኔም ይህን ስለማውቅ ስንት ቀን ፋይል ሳሳምር ነው የዋልኩት። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆን እኛ ጋ ተሰብስቦ የተገመገመው ዳይሬክተርና መምህር ነው፣ ደጋፊውን ማን ገመገመው?

ሱፐርቫይዘር፣ ከጀማ በኩል፦
ወንድሜ አክብሬህ ነው ግን ልክ አይደለህም። ጉድኝቴ ውስጥ፣ ማለትም እኔ በምደግፈው የት/ቤቶች ስብስብ፣ አምስት ት/ቤት አለ፣ ሞተሩ ነዳጅ የለውም፣ የወረዳ በጀት እኮ አብዛኛው ደሞዝ ነው፣ ስራ ማስኬጃው ጥር ሳይደርስ ያልቃል። ቆላ ወርጄ አንዱን አይቼ ስመለስ ይመሻል፣ ማታ ደግሞ ዞኑ ዳታ ፈልጓል ላክ ይሉኛል። መቼ ክፍል ልግባ?

እትዬ፣ የወመህ አባል፦
ልጆቼ እኔ ወላጅ ነኝ፣ የወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) አባል። ዳይሬክተራችን ገና ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ የድጎማ ብሩ ገባላት ግን ግዢ አታውቅም፣ ሶስት ፕሮፎርማ (የነጋዴ ዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቢ ተባለች ከየት እንደምታመጣ የነገራት የለም፣ ኦዲት ፈርታ ሳትነካው ሰኔ ደረሰ። አንደኛ ክፍሎች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ነው አመቱን የጨረሱት። አንድ ሰው አንድ ቀን አብሯት ቁጭ ብሎ ቢያሳያት ምን ነበረበት???

የመንዙ መምህር፦
እትዬ ድጋፍ ማለት እሱ ነው። አንድ ሱፐርቫይዘር ብቻ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ክፍል ኋላ ወንበር ተቀምጦ አንዱን ልጅ አንብብልኝ አለው፣ ልጁ ያለማቋረጥ አነበነበው፣ ጣቱ ግን ሌላ መስመር ላይ ነበር፣ በቃሉ ይዞት ነው። መምህሯን አልተቆጣም፣ በረፍት ሰአት አብረው ካርቶን ቀደው ፊደል ጻፉ፣ በሳምንቱም ተመልሶ ያንኑ ልጅ ጠራው። እሱም ነዳጅ አልነበረውም፣ በእግሩ ነው የመጣው።

ሱፐርቫይዘር፣ ከጀማ በኩል፦
እሺ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ያንን ሰውዬም ሪፖርት አዘገየህ ብለው ሳይገመግሙት አይቀሩም። ሪፖርቱን በሩብ አመት አንዴ ያድርጉልኝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ክፍል ውስጥ ታገኙኛላችሁ።

እትዬ፣ የወመህ አባል፦
ቆላ ለመውረድ ከሆነ በቅሎ እኛ እንሰጥሃለን ልጄ፣ ብቻ ና።