የጤና ሕግ መሥራት የሚፈልግ የሕግ ተማሪ ምን ያህል ባዮሎጂ ያስፈልገዋል?

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁም። የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ስመረቅ በጤና ሕግ ለመሥራት አስባለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ የአባትነት ክርክር የቀረበውን የዲኤንኤ ውጤት ይዛ መጥታ «እስኪ አንብቢልኝ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ቁጥሮች፣ ከግርጌው ደግሞ «99.99 በመቶ» የሚል መስመር ነበር። ከዚያ መስመር በላይ ያለውን አንዱንም ላስረዳት አልቻልኩም፤ በጣም አዘንኩ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ባዮሎጂ ተምሬ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

የላቦራቶሪ ባለሙያ

እህቴ፣ ከዘር ውርስና ከዕድል ስሌት ይጀምሩ፤ የሕዋስን ክፍሎች በሙሉ መሸምደድ አይጠበቅብዎትም። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች በአንድ የዲኤንኤ ቦታ አጭር ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ያሳያሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ልጅ አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወስዳል። ልጁ 12 እና 15፣ እናቱ 12 እና 14 ቢኖራቸው፣ 15 የመጣው ከአባት ነው። አባት ነው የተባለው ተከሳሽ 15 ከሌለው፣ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታይ ልዩነት በሚውቴሽን (ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በሚፈጠር ለውጥ) ሊመጣ ስለሚችል ለብቻው አይበቃም፤ በብዙ ቦታዎች ከተደጋገመ ግን አባት አይደለም ይባላል። መቶኛው ደግሞ ቁጥሮቹ በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል የተለመዱ እንደሆኑ ታይቶ የሚሰላ ሲሆን፣ ንጽጽሩም ዝምድና ከሌለው ሰው ጋር እንጂ ከተከሳሹ ወንድም ጋር አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን ናሙናው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደወሰደውና እንዴት እንደታሸገ ይጠይቁ።

ጠበቃ

ልጄ፣ ባዮሎጂው ከሕጋችን ውጭ እንዳይመስልሽ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላና ጋብቻው ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ በጋብቻ እንደተፀነሰ የሚቆጥረው የእርግዝናን አጭርና ረጅም ጊዜ ታሳቢ አድርጎ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 22ም ለሰውነት ከባድ አደጋ የሌለበትን የሕክምና ምርመራ እምቢ ባለ ሰው ላይ ፍርድ ቤቱ ምርመራው ሊያረጋግጥ የነበረውን ፍሬ ነገር እንደተረጋገጠ ሊቆጥር እንደሚችል ይደነግጋል። ዲኤንኤ ባልታሰበበት ዘመን የተጻፈ አንቀጽ ዛሬ ለዲኤንኤ ክርክር ማገልገሉን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል። ለገጣፎ ስለሆንሽ ግን የኦሮሚያን የቤተሰብ ሕግ አስቀድመሽ አንብቢ፤ የፌዴራሉ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ነው።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። የእናትየዋ ዓምድ ባዶ ነው፤ የተመረመሩት ልጁና ሰውየው ብቻ ናቸው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ

ጥሩ አስተውለዋል። እናቲቱ ካልተመረመሩ የትኛው ቁጥር ከማን እንደመጣ መለየት ስለማይቻል 15ም ሆነ 12 ከአባት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ውጤቱ በዚህ ብቻ ዋጋ አያጣም፤ ነገር ግን የእርሳቸው ናሙና ተጨምሮ ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላሉ።