የግድግዳ ሙሌት ወይስ ኮርኒስ? ለባሕር ዳር ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቤቶቻችንን ሙቀት ለመቀነስ የቀረበው ሐሳብ ግድግዳ ሳይፈርስ በትንንሽ ቀዳዳ የሙቀት መከላከያ በማሽን ነፍቶ መሙላት ነው። በውጭ አገር በእንጨት በተዋቀሩ ቤቶች የተለመደ ነው፤ አንዱ ዓይነት የተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ ሲሆን እሳትና ነፍሳት እንዲቋቋም ቦሪክ አሲድ ይደባለቅበታል። በጋራ ብናሠራው ይረክሳል ብዬ ነው።

የሽምብጥ ሰፈር አባል፦ እደግፋለሁ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማታ እንቅልፍ የለም፤ መስኮት እንዳንከፍት ቢምቢው።

አናጺው፦ ወንድሜ፣ የሚነፋው የት ይገባል? ያንተ ቤት ብሎኬት ነው። ግማሹን ቀዳዳ ግንበኛው በሲሚንቶ ደፍኖታል፤ የቀረው ቢሞላ እንኳ ሙቀቱ በቀዳዳዎቹ መሃል ባለው ድፍን ሲሚንቶ ያልፋል። የእትዬ ቤት ደግሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው፣ ክፍተት የለውም፤ መብሳት ማፍረስ ነው። ከቀትር በኋላ ግድግዳውንም ኮርኒሱንም በእጃችሁ ንኩ። ዋናው ጠላታችን ቆርቆሮው ነው።

እትዬ፦ እውነትህን ነው ልጄ። የእኔ ኮርኒስ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ እሳት ይተፋል። ደንገል ብንደርብበትስ?

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ ደንገሉ ባይገባ ይሻላል። ለእሳትም ለምስጥም ይመቻል። ደግሞ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተስማምቶ የሚጠበቅበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እየተመናመነ ያለውን ደንገል እኛው አጭደን እንጨርሰው?

ገንዘብ ያዥ፦ የሚነፋበትን ማሽን ማን ያመጣል? በጥቅል የሚሸጠው የመስታወት ሱፍ፣ ከመስታወት ክር የተሠራው የሙቀት መከላከያ፣ ኮርኒስ ላይ በእጅ ይዘረጋል።

አናጺው፦ ይሄ ያስኬዳል፤ ጓንትና ጭምብል ግን ግድ ነው። ማዳበሪያ ክብደቱን አይችልም፣ መጀመሪያ ወደ ቺፑድ ይቀየር። የሚያፈስ ቆርቆሮም አስቀድሞ ይጠገን፤ የረጠበ ሱፍ ሙቀት አይከላከልም፣ ኮርኒሱንም ያበሰብሳል። ከኮርኒሱ በላይ ያለ የመብራት ሽቦ መገጣጠሚያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይግባ። በሱፉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ይተው። ፀሐይ የምትጠልቅበት ግድግዳ ላይ ደግሞ በረንዳ ወይም ዛፍ ከማንኛውም ሙሌት ይበልጣል።

የሽምብጥ አባል፦ እሺ፣ ተረታሁ። ለክረምቱ የዝናብ ጩኸትም ሳይረዳ አይቀርም።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ረቂቁ እንዲህ ይሻሻል፦ «የግድግዳ ሙሌት ከዕቅዱ ይወጣል። አንድ የብሎኬትና አንድ የጭቃ ቤት ኮርኒሳቸው ለሙከራ ይሠራል፤ በእነርሱና በየጎረቤታቸው ባልተሠራ ቤት ቴርሞሜትር ተሰቅሎ ቀንና ማታ ይመዘገባል። ማድ ቤት አይካተትም።»

ገንዘብ ያዥ፦ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሳይመጣ ብር አይወጣም። የቺፑዱ ለብቻው ይጻፍ።

እትዬ፦ የጭቃው ቤት የእኔ ይሁን። አይጦቹን ግን እናንተው ታስወጣላችሁ።