የኦፓል፣ የኤመራልድና የብር ጌጦችን በምን እናጽዳ? የት እንውሰድ?

«የቱን ማጽጃ ልግዛ? የትኛው ወርቅ ቤት ይሻላል?» ለምትሉ ሁሉ፣ መልሱ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። ሳፋየርን የሚያሳምረው ነገር ኦፓልን ያበላሻል።

ከኦፓል ልጀምር፤ በየሰው እጅ የበዛው እሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የወሎ ኦፓል ቀለበት የብዙ ሰው ስጦታ ሆኗል። ይህ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ያ ቀይና አረንጓዴ ብልጭታው ይደበዝዝና ድንጋዩ እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ሰው «አለቀለት» ብሎ ይደነግጣል። የጠጣው ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ቀናት ቢፈጅም ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ለማፍጠን ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በፀጉር ማድረቂያም አትንኩት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚያሰጋው ከውሃው ጋር ተያይዞ የሚገባው ነው። ዘይት፣ ሽቶ ወይም ቀለም ያለው ሳሙና ውስጡ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ነጩ ድንጋይ ቢጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ለኦፓል የምጠቁመው የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉት። አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ከኦፓል ይጠነክራል፤ በደረቁ ስትፈትጉት ይጭረዋል። ከዚያ ጨርቁን በንጹህ ውሃ ትንሽ ረጠብ አድርጋችሁ አብሱት። በቃ። የጥርስ ሳሙናና አመድ እንዳታስጠጉበት፤ ሁለቱም ይፍቃሉ።

የሻኪሶ ኤመራልድ ጠንካራ ነው፤ ግን ውስጡ ስንጥቅ አያጣም። ነጋዴዎች ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ያስገቡበታል፤ ይህ በዓለም ሁሉ የተለመደ አሠራር ነው። ሙቅ ውሃ፣ እንፋሎትና በንዝረት የሚያጸዳ ማሽን ያንን ዘይት ያወጡታል፣ ስንጥቁም ፊት ለፊት ይታያል። በቀዝቃዛ ውሃና በአንድ ጠብታ ላርጎ ቶሎ አጥባችሁ አድርቁት። አትዘፍዝፉት።

ለአልማዝና ለሳፋየር ግን ላርጎን የሚያህል የለም። በዕቃ ታሽጎ በውድ የሚሸጠውን «የጌጥ ማጽጃ» ተዉትና ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ ሁለት ጠብታ ላርጎ ጨምሩበት፤ ጌጡን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በልጆች የጥርስ ብሩሽ ከድንጋዩ ጀርባ በኩል እሹት። ቅቤው፣ ሊጡ፣ የእጅ ቅባቱ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ድንጋዩ የሚፈዘውም ብርሃን ከጀርባው ስለሚዘጋበት ነው። ሲንክ ላይ አትጠቡ፣ ድንጋይ ከወለቀ ቱቦ ይበላዋል። ሩቢ ከሆነ ሎሚና ኮምጣጤ አታስነኩት። ርካሹ ሩቢ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ በመስታወት የተሞላ ነው፣ አሲድ ደግሞ መስታወቱን ይበላዋል።

ድንጋይ የሌለበት የጠቆረ የብር መስቀል ካላችሁ ፎይል አንጥፉ፣ ቤኪንግ ሶዳ በትኑ፣ የፈላ ውሃ ጨምሩና መስቀሉን ፎይሉ ላይ አስቀምጡት። ጥቁረቱ ወደ ፎይሉ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ነገር ግን ቅርጹ እንዲጎላ ሆን ተብሎ የጠቆረውንም ያነጣዋል፤ ጥንታዊ መስቀል ላይ አትሞክሩት። ድንጋይ ወይም ሉል ያለበት ብር ከሆነ ፎይሉን ትታችሁ የብር መወልወያ ጨርቅ ግዙ፤ ብሩን ብቻ ወልውሉበት፣ ድንጋዩን አትንኩ።

በረኪና ለምንም ጌጥ አይሆንም። ብርን ያጠቁራል፣ 14 እና 18 ካራት ወርቅንም ያዳክማል፤ ድንጋዩን የያዙት ጥፍሮች ቀስ በቀስ ይሰበራሉ። ልብስ ስታጥቡ ቀለበት አውልቁ።

በንዝረት የሚያጸዳውን ትንሽ ማሽን ከዱባይ ላስመጣ ላላችሁኝ፣ እኔ ብሆን አልገዛም። የሚሆነው ለአልማዝና ስንጥቅ ለሌለው ሳፋየር ነው፤ ለእነሱ ደግሞ ላርጎ ይበቃል። ኦፓል፣ ኤመራልድ፣ ሉል፣ በሙጫ የተጣበቀ ድንጋይ ማሽኑ ውስጥ አይገቡም።

ወርቅ ቤት መሄድ የሚያስፈልገው ጥፍሩ ሲላላ ነው። ቀለበቱን ጆሮ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንኳኳ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። ባለሙያው እሳትና አሲድ ከመጠቀሙ በፊት ኦፓሉን ወይም ኤመራልዱን እንዲያወጣው ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ «የኢትዮጵያ ኦፓል ነው፣ ውሃ ይጠጣል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እዚያ የለመዱት የአውስትራሊያው ኦፓል እንዲህ ውሃ አይጠጣም። የድንጋዩን ዓይነት ሳይጠይቅ ቀለበታችሁን ይዞ ወደ ጓዳ የሚገባ ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ እዚያው ተቀብላችሁት ሌላ ዘንድ ሂዱ።